የናይቫሻ ሐይቅ ዳር ነዋሪዎች ማኅበር፤ አመሠራረቱና ያስተማረው ትምህርት

በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከኢትዮጵያ ጀምሮ ወደ ደቡብ እስከ ታንዛኒያ ድረስ ተከታትለው ከሚገኙት ሐይቆች መካከል፣ በኬንያ ምድር ያለው የናይቫሻ ሐይቅ በስፋቱ ከታላላቆቹ ጋር የሚቆጠር አይደለም። ነገር ግን በዳርቻው የሚኖሩ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ስለ ሐይቁ መምከር ከጀመሩ ከ90 ዓመት በላይ ስለሆነ፣ የዚህ ማኅበር ታሪክ ከሐይቁ ስፋት የሚበልጥ ትምህርት ይሰጣል። ሐይቅ የሁሉም ነው ማለት ለአፍ ቀላል ነው፤ የሁሉም የሆነውን ነገር ማን ይጠብቀዋል፣ ጠባቂውንስ ማን ይሾመዋል ብሎ መጠየቅ ግን ከባድ ነው። የናይቫሻ ሰዎች ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ መልሰው የተገላገሉት አይደሉም፤ ትውልድ በተለወጠ ቁጥር እንደገና ተነሥቶባቸዋል። ይህ ጽሑፍ የሰጡትን መልስ በየዘመኑ እየተከተለ ይተርካል። የሚጠቀሱትም ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ናይቫሻ ከናይሮቢ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1890 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ሐይቅ ነው። በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች በከፍታ የሚበልጠው የለም። ስሙ የተገኘው ከማሳይ ቋንቋ ሲሆን፣ ነፋስ ሲነሣ ወዲያና ወዲህ የሚናወጠውን ውሃ ያመለክታል። ውሃው በአብዛኛው የሚመጣው ከኒያንዳሩዋ ተራሮችና ከኪናንጎፕ ደጋ ከሚወርደው ከማሌዋ ወንዝ ነው፤ ጊልጊልና ካራቲ የሚባሉት ወንዞችም የበኩላቸውን ይጨምራሉ። ከሐይቁ ወጥቶ በምድር ላይ የሚፈስ ወንዝ ግን የለም። እንዲህ ያለ መውጫ የሌለው ሐይቅ እንደ ጎረቤቶቹ እንደ ናኩሩና እንደ ኤልመንታይታ ጨው የበዛበት መሆን ሲገባው፣ የናይቫሻ ውሃ ጣፋጭ ነው። ምክንያቱም ውሃው ከሥር በመሬት ውስጥ እየሰረገ ጨዉን ይዞት ስለሚሄድ ነው። ዝናብ ሲበዛ ሐይቁ ይሞላል፤ ሲያንስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዳርቻው እጅግ ይሸሻል። የሚከተለውን ታሪክ ሁሉ የወለደው ይህ የመሙላትና የመጉደል ጠባዩ ነው።

በጥንት ዘመን የናይቫሻ ዙሪያ የማሳይ ከብት አርቢዎች የግጦሽና የውሃ ስፍራ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የዘረጋው የምድር ባቡር በ1901 ዓ.ም. ከሐይቁ ዳር ከደረሰ በኋላ፣ ሐዲዱ የሚያልፍበት የስምጥ ሸለቆ መሬት ለነጭ ሰፋሪዎች ተፈለገ። በ1904 ዓ.ም. በተደረገው ውል ማሳዮች ከናይቫሻ አካባቢ ተነሥተው ከፊሎቹ ወደ ላይኪፒያ፣ ከፊሎቹ ወደ ደቡብ እንዲሄዱ ተደረገ፤ በ1911 ዓ.ም. በተደረገው ሁለተኛ ውል ደግሞ ላይኪፒያንም እንዲለቁ ሆነ። ጉዳያቸውን በ1913 ዓ.ም. ወደ ፍርድ ቤት ቢያቀርቡም ክሱ ውድቅ ሆነባቸው። እንግዲህ ከዚህ በታች የሚነገረው የማኅበር ታሪክ የሚጀምረው የሐይቁ የቀድሞ ጎረቤቶች ከተነሡ በኋላ ነው። ይህን መነሻ ሳያስታውሱ የቀረውን በትክክል መመዘን አይቻልም።

ሰፋሪዎቹ መሬቱን በተከፋፈሉበት ጊዜ የሐይቁ ውሃ ከፍ ብሎ ነበር፤ የርስታቸውም ወሰን በሐይቁ በኩል በዚያን ጊዜ በነበረው የውሃ ከፍታ ላይ የተመሠረተ ነበር። ከጥቂት ዘመን በኋላ ግን ሐይቁ ይጎድል ጀመር። ከ1910ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ እስከ 1940ዎቹ ድረስ አንዳንድ ጊዜ እየተመለሰ፣ በጠቅላላው ግን ወደ ታች እየወረደ ሄደ። ውሃው በሸሸ ቁጥር ጥቁርና ለም የሆነ መሬት እየተገለጠ፣ በአንድ በኩል የአንዱን ርስት፣ በሌላ በኩል የጎረቤቱን ርስት እየነካ ወደ ሐይቁ መካከል ተዘረጋ። ይህ አዲስ መሬት የማን ነው? ባለርስቱ የርስቴ ተቀጥላ ነው አለ፤ መንግሥት ደግሞ የሐይቅ ወለል የግል ርስት አይሆንም አለ። ጎረቤትና ጎረቤትም ድንበራችን በደረቀው ወለል ላይ ወዴት ያቀናል እያሉ ተከራከሩ።

የናይቫሻ ሐይቅ ዳር ባለርስቶች ማኅበር የተቋቋመው በ1930 ዓ.ም. አካባቢ ከዚህ ክርክር የተነሣ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማኅበሩ ከቅኝ ግዛቱ መንግሥት ጋር ስምምነት አደረገ። የስምምነቱ ፍሬ ነገር ሲጠቀለል ይህ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ በ6210 ጫማ፣ ማለትም በ1893 ሜትር ገደማ ከሚያልፈው የከፍታ መስመር በታች ያለው መሬት የመንግሥት ሆኖ ይቀራል፤ ጥበቃው ለማኅበሩ ይሰጣል፤ የዳርቻው ባለርስቶች ውሃው ሲሸሽ ሊያርሱትና ከብት ሊያሰማሩበት ይችላሉ፤ ቋሚ ቤት ግን አይሠራበትም። ሐይቁ ተመልሶ ሲሞላ መሬቱን ይወስዳልና፣ ሰው በሐይቁ ስፍራ በእንግድነት እንጂ በባለቤትነት እንዳይቀመጥ ማለት ነው።

ይህ ስምምነት የተደረገው ስለ ዓሣ ወይም ስለ ወፍ በመጨነቅ አልነበረም። የባለርስቶች ጥቅም የወለደው ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከጥቅም የተነሣ ሕግ አንዳንድ ጊዜ ካወጡት ሰዎች አሳብ በላይ ይሠራል። መስመሩን ለማስከበር የውሃውን ከፍታ ማወቅ የግድ ሆነ። በሐይቁ ላይ የውሃውን ከፍታ መለካትና መመዝገብ የተጀመረው ከማኅበሩ በፊት፣ በ1908 ዓ.ም. አካባቢ ነበር፤ የድንበሩ ጉዳይ ለዚህ መዝገብ ታላቅ ዋጋ ሰጠው። ዛሬ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ዝናብና ድርቅ የሚያጠኑ ሊቃውንት አንድ ምዕት ዓመት የሚያልፈውን ይህን መዝገብ እንደ ውድ ሀብት ይቆጥሩታል። የድንበር ክርክር ያስከበረው ቁጥር ለሳይንስ ማስረጃ ሆነ።

በዚሁ ዘመን ሐይቁ በውስጡ በነበሩት ፍጥረታት በኩል መለወጥ ጀመረ። በ1920ዎቹ ሰፋሪዎች ለስፖርትና ለምግብ ብለው ከአሜሪካ የመጣ ብላክ ባስ የተባለ ዓሣና በአገራችን ቆሮሶ ከምንለው ወገን የሆኑ ዓሦችን ጨመሩበት። ለገበያ የሚሆን ዓሣ ማስገር በ1959 ዓ.ም. ሲጀመር መረቡ የሚያወጣው በአብዛኛው እነዚህን የውጭ ዓሦች ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ሳልቪኒያ የተባለ ተንሳፋፊ አረም በውሃው ላይ ታየ። በ1970 ዓ.ም. ሸርጣን የሚመስለው የአሜሪካ ክሬይፊሽ ገባ፤ እርሱም እየተራባ ሄዶ የሐይቁን ሰማያዊ አበባና በውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ተክል በልቶ ጨረሰው ለማለት በሚያስደፍር መጠን አጠፋው። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ እኛ በጣና ሐይቅ ላይ እምቦጭ ብለን የምናውቀው አረም ደረሰ። አረሞቹን ለመቀነስ የረዳው ዋና ዘዴ እነርሱን ብቻ የሚበሉ ትንንሽ ነቀዞችን ማሰማራት ሆነ። ከዚህ ሁሉ የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ በመሬት ላይ ድንበር ማስመር ቢቻልም በውሃ ውስጥ አይሰመርም። አንዱ ባለርስት በራሱ ዳርቻ የጨመረውን ሁሉም ጎረቤቶች ይወርሱታል።

ኬንያ በ1963 ዓ.ም. ነፃነቷን ካገኘች በኋላ በሐይቁ ዙሪያ ያለው ኑሮ በፍጥነት ተለወጠ። ከ1970 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ለአውሮፓ ገበያ የሚላክ አበባ ይመረትበት ገባ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህም የአበባ እርሻ እጅግ ተስፋፍቶ፣ ከኬንያ ወደ ውጭ ከሚላከው አበባ አብዛኛው ክፍል ከናይቫሻ የሚወጣ ሆነ። በ1981 ዓ.ም. በአቅራቢያው በኦልካሪያ ከምድር እንፋሎት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት ተጀመረ። በ1990ዎቹም ከማሌዋ ገባር ከቱራሻ ወንዝ ተገድቦ ለናኩሩ ከተማ የሚሄድ ውሃ ተቀነሰ። ሥራ ፈላጊው ከየአገሩ ጎረፈ፤ በ2019 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በናይቫሻ ከተማ ብቻ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተቆጠረ። የውሃውን ደለልና ቆሻሻ አጥርቶ ያስቀር የነበረው የዳርቻው ደንገል በብዙ ስፍራ ተመነጠረ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ ለውጥ ብቻውን ሲታይ ልማት ነበር፤ ሲደመር ግን ሐይቁን የሚያስጨንቅ ሆነ።

ማኅበሩም ከዘመኑ ጋር ተለወጠ፤ ይህም ከታሪኩ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ክፍል ነው። ከስሙ ላይ «ባለርስቶች» የሚለውን ቃል አውጥቶ የናይቫሻ ሐይቅ ዳር ማኅበር ተባለ። መሬትን ማካለሉን ከውሃው፣ ከአራዊቱና ከደንገሉ ጥበቃ ጋር አያይዞ ያስብ ጀመር። ስለ ረግረጋማ ስፍራዎች ጥበቃ በኢራን አገር በራምሳር ከተማ በ1971 ዓ.ም. በተፈረመው የዓለም ውል መሠረት ናይቫሻ በ1995 ዓ.ም. በመዝገብ እንዲገባ ማኅበሩ ደክሟል። አበባ አምራቾችና ሌሎችም የውሃው ተጠቃሚዎች በፈቃዳቸው የሚጠብቁት የአስተዳደር ዕቅድ አዘጋጀ። ስለዚህም ሥራው በ1999 ዓ.ም. የራምሳር የረግረጋማ ስፍራ ጥበቃ ሽልማት መጀመሪያ በተሰጠ ጊዜ ከተሸላሚዎቹ አንዱ ሆነ። ከመንግሥት በጀት ያልተቆረጠለት የጎረቤቶች ማኅበር በዓለም ጉባኤ ፊት መከበሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ከሽልማቱ ቀጥሎ የመጣው ፈተና ከአረምና ከድርቅ የከበደ ነበር። ዕቅዱ በ2004 ዓ.ም. በመንግሥት ጋዜጣ ታውጆ የሕግ ኃይል ሊያገኝ ሲል፣ ሳንማከር የተዘጋጀ ነው ብለው የተቃወሙ ነዋሪዎች ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርድ ቤቱም አፈጻጸሙን አገደ። ከብቱን ወደ ሐይቁ ወርዶ ውሃ ለማጠጣት የሚፈልገው አርብቶ አደር መንገዱ በአጥር ተዘግቶበት ነበር። ትንሽ መረብ ይዞ የሚያድረው ዓሣ አስጋሪም፣ በእርሻው የሚሠራው የቀን ሠራተኛም፣ ከላይ በደጋው የሚያርሰው ገበሬም በዕቅዱ ላይ ስማቸው ቢጠራ እንኳ በምክሩ ላይ ወንበራቸው ጠባብ ነበር። በ1904 ዓ.ም. የተነሡት ሰዎች የልጅ ልጆች ስለ ሐይቁ ጥበቃ ሲነገራቸው መጀመሪያ የሚያስታውሱት የመሬቱን ነገር መሆኑ ሊያስደንቅ አይገባም። መልካም አሳብ ያለው ማኅበር ከሁሉ አስቀድሞ ማስተዋል የሚገባው ይህን ነው፤ ያልተጠራ ጎረቤት ዕቅዱ ትክክል ቢሆንም አያምነውም።

ነገሩ እስከ ሞትም አደረሰ። የዓሣው ብዛት እጅግ በመቀነሱ መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ማስገርን ለአንድ ዓመት ያህል አገደ። ድኻው አስጋሪ ግን ሌላ መተዳደሪያ ስላልነበረው በሌሊት ወደ ውሃው መግባቱን አልተወም። ከባለቤታቸው ጋር የዱር አራዊትን ፊልም በማንሣት በዓለም የታወቁት ወይዘሮ ጆአን ሩት በሐይቁ ዳር ይኖሩ ነበር፤ ሕገ ወጥ ማስገርን ለመከላከል ለተቋቋመው የጥበቃ ቡድንም ገንዘባቸውንና ጉልበታቸውን ሰጡ። በጥር 2006 ዓ.ም. በቤታቸው በጥይት ተገደሉ፤ ተከሰው የቀረቡት ሰዎችም በነፃ ተለቀቁ። ማን ስለ ምን እንደ ገደላቸው በፍርድ ያልተረጋገጠ ስለሆነ በዚህ ላይ ፍርድ መስጠት አይገባም። ነገር ግን የአንድ ሐይቅ ጥበቃ በጥበቃ ጓዶች ብቻ ሲካሄድ፣ በዚህ ወገን ያለው ሰው ሕይወቱን፣ በዚያ ወገን ያለው ሰው እንጀራውን የሚያሲዝበት ነገር ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የተፈለገው መንገድ የምክሩን ወንበር ማስፋት ነበር። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የኬንያ የውሃ ሕግ በየወንዙና በየሐይቁ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት እንዲቋቋሙ ፈቀደ። በዚህም መሠረት በናይቫሻ ዳርና በላይኛው ተፋሰስ ልዩ ልዩ ማኅበራት ተመሠረቱ፤ ከየወንዙ ምን ያህል ውሃ እንደሚቀዳና በድርቅ ጊዜ ማን ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስን ደንብም ተዘጋጀ። ከሁሉ ይልቅ አስተዋይ ሥራ የሚባለው ግን ሌላ ነው። ደለሉ የሚመጣው ከደጋው ማሳ መሆኑ ስለታወቀ፣ በሁለት የዓለም የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ረዳትነት ከታች ያሉት የውሃ ተጠቃሚዎች ከላይ ላሉት ገበሬዎች ዋጋ መክፈል ጀመሩ። ገበሬው በማሳው ተዳፋት ላይ የሣር እርከን ሲሠራና ዛፍ ሲተክል፣ ዘርና የእርሻ ዕቃ የሚገዛበት ደረሰኝ ይቀበላል። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ አሳቡ ግን ትልቅ ነው። እስከዚያ ጊዜ የሐይቁ ጎረቤት ማለት ውሃውን ከመስኮቱ የሚያየው ሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሐይቁን አይቶት የማያውቀው የኪናንጎፕ ገበሬም ጎረቤት ሆኖ ተቆጠረ።

ሐይቁ በበኩሉ ጠባዩን አልተወም። በ2009 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ውሃው ለብዙ ዘመን ባልታየ መጠን ጎደለ፤ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝናብ በመጣ ጊዜ ብዙ ዓሣ ሞቶ በውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ሕዝቡ በአበባ እርሻዎች መድኃኒት ላይ ጣቱን ቀሰረ፤ ከባለሙያዎች ብዙዎቹ ግን ጎርፉ ባመጣው ቆሻሻ ምክንያት በውሃው ውስጥ ያለው አየር ማነሱን ገለጡ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠና ሐይቁ ይሞላ ጀመር። በ2020 ዓ.ም. ኪሆቶ በተባለው ሰፈር ውሃው ወደ ቤቶች ገብቶ ብዙ ቤተሰብ አፈናቀለ። ከ90 ዓመት በፊት ቤት አይሠራበት የተባለውን መስመር ምክንያት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ መምህር አይገኝም። ይሁን እንጂ ተግሣጹ ለተፈናቀሉት ብቻ የሚነገር አይደለም። ድኻ ሰው ወደ ውሃ ዳር የሚጠጋው ሌላ ቦታ ስላጣ ነውና፣ ሠራተኛ የሚፈልግ ከተማ ለሠራተኛው መኖሪያ የሚሆን ደረቅ መሬት ማዘጋጀት ይገባው ነበር።

ይህን የጎረቤት አገር ታሪክ በመምህራን መጽሐፍ ላይ ያመጣነው እኛንም ስለሚመለከተን ነው። በሐረርጌ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ ውሃ ያጠጣ ነበር፤ በዳርቻው በጫትና በአትክልት መስኖ፣ በቧንቧ በሚሳበው ውሃና ከኮረብታው በሚወርደው ደለል ምክንያት እየመነመነ ሄዶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደረቀ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ውሃው እንደገና መታየቱ የሚያስደስት ቢሆንም፣ የከፍተኛ ትምህርት ቤት በአጠገቡ እያለ አንድ ሐይቅ መድረቁ ለምሁራን ሁሉ የሚያስጨንቅ ምሳሌ ነው። በዝዋይም ዳር ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለአውሮፓ የሚላክ አበባ ይመረታል፤ ገበሬውም በሞተር ከሐይቁ ውሃ ይስባል፤ አስጋሪውም ቆሮሶውን ከዚያው ያወጣል። በጣና ላይ እምቦጭ በ2011 ዓ.ም. ከታወቀ ወዲህ ገበሬዎችና ተማሪዎች ውሃ ውስጥ ቆመው አረሙን በእጃቸው ነቅለዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት በዚያ በዓይን ታይቷል። ነገር ግን ዘመቻ ሲያልፍ ያልፋል፤ መዝገብ፣ ደንብና ስብሰባ ያለው ማኅበር ሲሆን ግን ዓመት ለዓመት ይተካከላል።

ከናይቫሻ ታሪክ ለመምህራን የሚቀረው ቁም ነገር ሦስት ነው። መጀመሪያው መለካት ነው። በሐይቅ ወይም በወንዝ ዳር ያለ ትምህርት ቤት በአንድ በተመረጠ ድንጋይ ላይ የውሃውን ከፍታ በየሳምንቱ ቢለካና የዝናቡን መጠን ቢመዘግብ፣ ወጪው ከአንድ ደብተርና ከአንድ ምልክት እንጨት አይበልጥም፤ ከ30 ዓመት በኋላ ግን ምንም ገንዘብ የማይገዛው ማስረጃ ይሆናል። ሁለተኛው ወሰን ነው። ውሃው ሲሸሽ መሬቱን መያዝ፣ ሲመለስም መንግሥትን መክሰስ ልማድ እንዳይሆን፣ የሐይቁ ስፍራ እስከ የት እንደሆነ ልጆች ከአባቶቻቸው ጠይቀው ካርታ ሊሠሩበት ይገባል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ጉባኤ ነው። ማኅበር ሲሰበሰብ ባለ መሬቱ ብቻ ሳይሆን መሬት የሌለው፣ የታችኛው ብቻ ሳይሆን የላይኛው፣ ዛሬ ያለው ብቻ ሳይሆን ትናንት የተነሣው ሰው ድምፅ መሰማቱን የሚጠይቅ አንድ ሰው በመካከሉ መኖር አለበት። በየገጠሩ ይህን ለመጠየቅ የሚችል፣ መጻፍና መመዝገብ የሚያውቅ፣ ከወገኖቹም ለአንዱ የማያደላ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በትምህርት ቤት ነው።

የናይቫሻ ማኅበር ከጥቅም ተወለደ፤ በመዝገብ አደገ፤ በሽልማት ተከበረ፤ በክርክር ተፈተነ፤ ጎረቤቱን በማስፋትም ዕድሜውን አራዘመ። ሐይቁን ፈጽሞ አዳነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በ1890ዎቹ ሞልቶ፣ በ1940ዎቹ ጎድሎ፣ በ2009 ዓ.ም. ዳግመኛ ሸሽቶ፣ በ2020 ዓ.ም. ዳግመኛ የሞላ አንድ ውሃ ዳር ሰዎች ተሰብስበው መመካከራቸውን አለመተዋቸው ራሱ ታላቅ ሥራ ነው። ሐይቅን የሚጠብቀው ማን ነው ለሚለው ጥያቄም ከዚህ ታሪክ የሚገኘው መልስ ይህ ነው፤ ከውሃው የሚጠጣ ሁሉ፣ ወደ ውሃውም አፈሩ የሚወርድበት ሁሉ፣ በአንድ ጉባኤ ከተቀመጠ ሐይቁ ጠባቂ አለው።